255 ሊትር የተባለው ፓምፕ ስንት ሊትር ይሰጣል?

በአውቶ ወርክሾፓችን፣ ከመግቢያው በስተቀኝ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ የተበሳ ፒስተን ተቀምጦ ያያችሁ ሰልጣኞች ብዙ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ አንስታችሁ፣ ጣታችሁን በቀዳዳው አስገብታችሁ ስትሳሳቁ አይቻለሁ። አልፈርድባችሁም፤ እንደ ሻማ ቀልጦ፣ ወርዶ፣ መልሶ የደረቀ አልሙኒየም ያስገርማል። ነገር ግን ያ ፒስተን ከየት እንደመጣና ለምን እንደቀለጠ የጠየቀኝ ሰው እስካሁን የለም። የዛሬው ትምህርታችን ስለ እሱ ነው። ታሪኩ እኔንም ይነካል።

ፒስተኑን ያመጣልኝ የቀድሞ ሰልጣኛችን ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንዱ፣ የመኪና ሞተር እያሻሻለ ጉልበት በሚጨምር ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። ለዕረፍት ሲመጣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ባስተማሩኝ ሒሳብ ነው እኮ የሠራሁት» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር።

መኪናው ቶዮታ ሱፕራ ነው። በጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2002 በተመረተው በዚህ ሞዴል ላይ፣ ከሚገጠሙት ሞተሮች ዋነኛው ሦስት ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደርና ሁለት ቱርቦ ያለው 2ጄዜድ-ጂቲኢ የተባለው ነበር። ከፋብሪካ ሲወጣ ለጃፓን ገበያ 280፣ ለአሜሪካ ገበያ ደግሞ 320 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ነው የወጣው። ብሎኩ ጠንካራ የብረት ብሎክ በመሆኑ እጥፍ ጉልበት ቢጠየቅም ይሸከማል። በዚህም የተነሣ በጃፓንም፣ በአሜሪካም፣ በባሕረ ሰላጤውም መኪና ማሻሻል የሚወዱ ሰዎች ይህን ሞተር ሲያሳድዱ ኖረዋል። የዚህኛው መኪና ባለቤትም ሁለቱን ትናንሽ ቱርቦዎች አስወልቆ አንድ ትልቅ ቱርቦ አስገጠመ፤ ኢንጀክተሮቹን በትላልቅ አስቀየረ፤ የቱርቦውን ግፊት 1.7 ባር አድርሶ 600 የፈረስ ጉልበት እንዲወጣለት ፈለገ። የፋብሪካው ነዳጅ ፓምፕ ለዚህ እንደማይበቃ ስለታወቀ፣ በምትኩ ዋልብሮ የሚባለውና በሰዓት 255 ሊትር ይሰጣል ተብሎ የሚሸጠው ፓምፕ ገባ። ይህ ፓምፕ በመኪና አሻሻዮች ዘንድ እንደ ጨው የተለመደ ነው። ዕቃው ደህና ዕቃ ነው፤ ጥፋቱ የፓምፑ አልነበረም።

ቀመሩ ትክክል፣ ቁጥሩ ስህተት

ልጁ የተጠቀመበት ሒሳብ ይህ ነው። ቱርቦ ያለው የቤንዚን ሞተር በሙሉ ጭነት አንድ የፈረስ ጉልበት ለአንድ ሰዓት ለማውጣት 0.27 ኪሎ ግራም ገደማ ቤንዚን ይፈጃል። አንድ ሊትር ቤንዚን 0.75 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። እንግዲህ ፓምፑ በሰዓት 255 ሊትር ከሰጠ፣ ክብደቱ 191 ኪሎ ግራም ይሆናል። 191ን ለ0.27 ስናካፍል 708 የፈረስ ጉልበት እናገኛለን። የሚፈለገው 600 ነው። ከመቶ ፈረስ በላይ ትርፍ አለ ማለት ነው። ማን ይጠራጠራል?

ሒሳቡን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ቢሆን ቀመሩ ትክክል ነው፤ መጽሐፍ ገልጣችሁ ብትፈልጉ የምታገኙት ይህንኑ ነው። እኔ ያላስተማርኩት 255 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ነው። ፓምፕ ሠሪው ያን ቁጥር ያገኘው ፓምፑን በመለኪያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ሦስት ባር በማይሞላ ግፊት፣ በ13.5 ቮልት አሠርቶ ነው። ግፊቱ ከፍ ሲል ወይም ቮልቱ ዝቅ ሲል ያ ቁጥር የለም፤ ሌላ ቁጥር ነው ያለው። በሜዳ ላይ በቀን ሠላሳ ኩንታል የሚያመላልስ ተሸካሚ፣ ዳገት ላይም፣ ምሳውን ሳይበላም ያንኑ ሠላሳ ያመላልሳል ብሎ የሚዋዋል ሰው አለ? እኛ ግን በፓምፑ ላይ እንዲህ ተዋዋልን።

ግፊቱ

እዚህ ላይ የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያውን፣ ማለትም ሬጉሌተሩን፣ ደህና አድርጎ መረዳት ያስፈልጋል። ብዙ ሰልጣኝ የሚሰናከለው በዚህ ነው፤ ፈተና ሳርም የማየው ይኸንኑ ነው።

ኢንጀክተር ቤንዚን የሚረጨው ወደ ማኒፎልዱ ነው። ቱርቦ የሌለው መኪና ከሆነ ማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ግፊት ቢበዛ ከውጭው አየር ጋር እኩል ስለሆነ፣ ከኢንጀክተሩ በስተኋላ 3 ባር ግፊት ካለ ቤንዚኑ ያለችግር ይረጫል። ቱርቦው 1.7 ባር ሲነፋ ግን ማኒፎልዱ በተራው ኢንጀክተሩን መልሶ ይገፋዋል። ቤንዚኑ በ3 ባር ብቻ ቢቆይ፣ የሚረጨው በ1.3 ባር ልዩነት ብቻ ይሆናል። ይህ እንዳይሆን ከማኒፎልዱ ወደ ሬጉሌተሩ ራስ የምትሄድ ቀጭን ጎማ ቱቦ አለች። በእሷ በኩል ሬጉሌተሩ የቱርቦውን ግፊት ይሰማና የቤንዚኑን ግፊት በዚያው ልክ ከፍ ያደርገዋል፤ 3 ሲደመር 1.7፣ ማለትም 4.7 ባር። ኢንጀክተሩ ምንጊዜም 3 ባር ልዩነት ያገኛል፤ ለእሱ የተለወጠ ነገር የለም። ዕዳውን የሚከፍለው ፓምፑ ነው።

ፓምፑ 4.7 ባር ሲገፋ ሁለት ነገር ይደርስበታል። አንደኛ፣ በሚሽከረከሩት ጥርሶችና በቤታቸው መካከል ባለችው ስስ ክፍተት ቤንዚን ወደኋላ ይሾልካል፤ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ሹልክታውም ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ሞተሩ ሸክሙ ስለሚከብደው ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ የሚስበውም አምፔር ይጨምራል። የአምፔሩን ነገር አትርሱት።

ቮልቱ

ልጁ ከአደጋው በኋላ ያደረገው የመጀመሪያ ነገር መልቲሜትሩን ይዞ ከኋላ ወደ ታንኩ መሄድ ነበር። ባትሪው ላይ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ 14 ቮልት ነበር። ፓምፑ እየሠራ ሳለ በፓምፑ ሶኬት ላይ የተለካው ግን 12.4 ቮልት ሆነ። 1.6 ቮልት በመንገድ ቀርቷል። የት? ከፊት ወደ ኋላ በሚሄደው የፋብሪካ ቀጭን ሽቦ፣ በየመገናኛው ሶኬት፣ በሪሌው ጥርስ፣ በሰውነቱ ላይ በታሰረችው ዝገት በያዘች መሬት። የእያንዳንዳቸው እንቅፋት ትንሽ ነው፤ ሲደመር ግን 0.13 ኦም ቢሆን፣ በ12 አምፔር ሲባዛ 1.6 ቮልት ገደማ ይበላል። የኦም ሕግ ነው፤ አዲስ ነገር አይደለም። ይህን ለአሥር ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ ከነዳጅ ፓምፕ ጋር ግን አገናኝቼው አላውቅም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት ልንገራችሁ። ሶኬቱን ከፓምፑ ነቅላችሁ በባዶው ብትለኩ መልቲሜትሩ 14 ቮልት ያሳያችኋል፤ «ሽቦው ጤነኛ ነው» ብላችሁ ትሄዳላችሁ። አምፔር ካልፈሰሰ የሚጠፋ ቮልት የለም። መለካት ያለበት ሶኬቱ እንደተሰካ፣ ፓምፑ እየሠራ፣ በተቻለ መጠንም በከፍተኛ ግፊት ሲገፋ ነው።

በሱፕራ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ። ፋብሪካው ለነዳጅ ፓምፑ የራሱ የሆነ ትንሽ መቆጣጠሪያ ሠርቶለታል። ሞተሩ ዝግ ብሎ ሲሠራ ይህ መቆጣጠሪያ ለፓምፑ ዝቅ ያለ ቮልት ይሰጠዋል፤ ጭነት ሲበዛ ከፍ ያደርገዋል። ጩኸትንና የቤንዚን መሞቅን ለመቀነስ ታስቦ የተሠራ ብልህ ነገር ነው፤ የተሠራው ግን ለፋብሪካው ፓምፕ ነው። ብዙ አምፔር የሚስብ ፓምፕ ሲተከል በራሱ ውስጥ የሚያስቀረው ቮልት ይጨምራል። የሱፕራ አሻሻዮች ይህን መቆጣጠሪያ አልፈው ለፓምፑ በቀጥታ በሪሌ ሙሉ ቮልት የሚሰጡት ስለዚህ ነው።

የቮልት መቀነስ ጉዳቱ በሁሉም ግፊት ላይ እኩል አይደለም። ፓምፑ ከሚያገኘው ቮልት የተወሰነው ሸክሙን ለመቋቋም ብቻ ይውላል፤ የተረፈው ነው ፍጥነት የሚሆነው። ግፊቱ ከፍ ባለ ቁጥር የተረፈው ያንሳል፤ ስለዚህ ያችው 1.6 ቮልት በ3 ባር ላይ ትንሽ ስትጎዳ በ4.7 ባር ላይ ክፉኛ ትጎዳለች። ሁለቱ ችግሮች አይደመሩም፤ አንዱ ሌላውን ያባብሳል።

በመጨረሻ ልጁ ፓምፑን በ4.7 ባርና በ12.4 ቮልት አሠርቶ የሚወጣውን ቤንዚን ለካ። በ30 ሴኮንድ 1 ሊትር ከ400 ሚሊ ሊትር አገኘ። በሰዓት 168 ሊትር ነው። ያን ቁጥር በዚያው ቀመራችን አስገቡት፤ 467 የፈረስ ጉልበት ይወጣል። 708 ያልነው ማለት ነው!

ቤንዚን ሲያጥር

ታዲያ ፓምፑ ለ467 ፈረስ ብቻ ከበቃ፣ ሞተሩ ለምን 467 ላይ ቆሞ አልቀረም? ይህን ጥያቄ ክፍል ውስጥ ጠይቁ፤ ተማሪው በደንብ ያስብበታል። መልሱ፣ አየሩ ፓምፑን አይጠብቅም የሚል ነው። ቱርቦው አየሩን መንፋቱን ይቀጥላል። ፓምፑ የተጠየቀውን መስጠት ሲያቅተው በኢንጀክተሮቹ ኋላ ያለው ግፊት ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ግን ኢንጀክተሮቹን የሚከፍተው 3 ባር ልዩነት አለ ብሎ በማመን ነው። በዚያ ዘመን መኪና ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ በሙሉ ጭነት ስለማይደመጥ፣ እርማት የሚሰጠው የለም።

ከኢንጀክተር የሚወጣው ቤንዚን ከግፊቱ ልዩነት ስኩዌር ሩት ጋር ይሄዳል። ልዩነቱ ከ3 ባር ወደ 2.4 ቢወርድ፣ የሚረጨው ቤንዚን በ10 በመቶ ተኩል ገደማ ይቀንሳል። ሞተሩ ለአንድ እጅ ቤንዚን 11.5 እጅ አየር እንዲያገኝ ተስተካክሎ ከነበረ አሁን 12.9 ሆነ። ወደ 2 ባር ቢወርድ 14.1 ይሆናል። በጎዳና ላይ ቀስ ብሎ ለሚሄድ መኪና 14.7 ጤናማ ድብልቅ ነው። በ1.7 ባር የቱርቦ ግፊት ላይ ግን ሞት ነው። በከፍተኛ ጭነት ቤንዚን የሚበዛው ለማቃጠል ብቻ አይደለም፤ ትርፉ ቤንዚን ሲተን ሙቀት እየወሰደ ሲሊንደሩን ያቀዘቅዛል፣ ማንኳኳትንም ያርቃል።

እጅግ የሚያሳዝነው የሾፌሩ ስሜት ነው። ድብልቁ ከ11.5 ወደ 12.5 አካባቢ ሲያልፍ ሞተሩ ጉልበት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ባለቤቱ በዚያች ሰዓት መኪናው ከመቼውም ይልቅ እንደሚበርር ይሰማዋል፤ ደስ ብሎት ይረግጣል። ከዚያ ማንኳኳት ይጀምራል። በሲሊንደሩ ውስጥ ከፒስተኑ ራስ ላይ ተለጥፎ የሚከላከለው ስስ የቀዝቃዛ ጋዝ ሽፋን አለ፤ የማንኳኳቱ ምት ያንን ይገፍፈዋል። የሚነደው ጋዝ ከ2000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። አልሙኒየም ደግሞ በ660 ይቀልጣል፤ የፒስተን ቅይጥ ከዚያም ባነሰ ሙቀት መለስለስ ይጀምራል። ጥቂት ሴኮንድ ይበቃል። ከስድስቱ ፒስተኖች የቀለጠው አንዱ ብቻ መሆኑ እንዳያስገርማችሁ፤ አየርና ቤንዚን ለሁሉም ሲሊንደር ፍጹም እኩል አይደርስም፤ በጣም ያጠረው ቀድሞ ይሄዳል።

የፓምፑ ወሰን የት ላይ ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን። ይህን ሥዕል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሣሉት፦ ታንክ፣ ፓምፕ፣ ፊልትሮ፣ ኢንጀክተሮች የተሰኩበት ቧንቧ፣ ሬጉሌተር፣ የመልስ ቱቦ፣ ተመልሶ ታንክ። ፓምፑ ሁልጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ይልካል። ሞተሩ የሚፈልገውን ይወስዳል፤ የተረፈው በሬጉሌተሩ አልፎ በመልስ ቱቦ ወደ ታንኩ ይመለሳል። ሞተሩ ብዙ ሲወስድ የሚመለሰው ያንሳል። በመልስ ቱቦው አንዲት ጠብታ እስከፈሰሰች ድረስ ግፊቱ የሬጉሌተሩ ነው። የመልስ ቱቦው በደረቀባት ቅጽበት ሬጉሌተሩ ሥልጣኑን ያጣል፤ ከዚያ በኋላ ግፊቱ የሚሆነውን ይሆናል። የፓምፕ ወሰን ማለት ይህች ቅጽበት ናት። ሳጥን ላይ አትጻፍም፤ በእያንዳንዱ መኪና ላይ ተለክታ የምትገኝ ናት።

(ይህ ሁሉ የመልስ ቱቦ ላለው የቤንዚን ሥርዓት ነው። ናፍጣ ሌላ ነገር ነው፤ በዚህ ጽሑፍ አታደባልቁት።)

አለካኩ ከባድ አይደለም፤ የሚያስፈልገውም አብዛኛው ወርክሾፓችን ውስጥ አለ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የመልስ ቱቦውን ከሬጉሌተሩ በታች አውጥታችሁ ልኬት ወዳለው የብረት ዕቃ ታገናኛላችሁ። የሬጉሌተሩን የማኒፎልድ ቱቦ ነቅላችሁ በምትኩ መለኪያ ያለው የብስክሌት ጎማ መንፊያ ትሰካላችሁ። ፓምፑን በሪሌው በኩል ታስነሣላችሁ። ከዚያ በመንፊያው 1.7 ባር ስትሰጡት፣ ሬጉሌተሩ ቱርቦው የነፋ ይመስለዋል፤ የቤንዚኑ ግፊት መለኪያ 4.7 ማሳየት አለበት። ኢንጀክተሮቹ ዝግ ስለሆኑ ፓምፑ የሚልከው ሁሉ ዕቃው ውስጥ ይገባል። 30 ሴኮንድ ቆጥራችሁ የተገኘውን በ120 ማባዛት ነው። በዚያው ጊዜ አንድ ሰው የፓምፑን ቮልት ያንብብ። ሞተሩ ጠፍቶ ስለሆነ ቮልቱ ከመንገድ ላይ ዝቅ ያለ ነው የሚሆነው፤ ስትመዘግቡ ቮልቱንም ጻፉ።

ቤንዚን ግን ቤንዚን ነው። ይህን ሥራ በር በተከፈተበት፣ እሳት ማጥፊያው እጅ በሚደርስበት ቦታ እንጂ በዝግ ቤት አትሥሩ። የኤሌክትሪክ መገናኛዎቹ ሁሉ ከዕቃው ይራቁ፤ ፓምፑ ሲነሣና ሲጠፋ ብልጭታው ሩቅ ላይ ይሁን። ባትሪ ቻርጀር ካላችሁ ክሊፑን ፓምፑ እየሠራ አትንቀሉት። የብረቱን ዕቃ በሽቦ ከመኪናው ሰውነት ጋር እሰሩት። ሲጋራ የሚባል በአካባቢው አይታይ። መኪናው እየተነዳ ግፊቱን ማየት የፈለገ ሰው ደግሞ የግፊት መለኪያውን ከመስተዋቱ ውጭ ይስቀል እንጂ የቤንዚን ቱቦ ወደ ሾፌሩ ክፍል ፈጽሞ አያስገባ።

መኪናው ሲነዳ ግፊቱ ከቱርቦው ጋር እኩል እየወጣ ከቆየ፣ ድብልቁ ግን ቤንዚን ካጠረው፣ ፓምፑን አትውቀሱ፤ ኢንጀክተሩ ከጊዜው በላይ ተከፍቶ አቅሙ አልቆበት ሊሆን ይችላል። ግፊቱ መውጣቱን ትቶ ከተንሸራተተ ግን ፓምፕ፣ ወይም ሽቦ፣ ወይም የተደፈነ ፊልትሮ ነው። በእኛ አገር ከታንክ ሥር የሚገኘውን ቆሻሻ የሚያውቅ ሰው ከፊልትሮው ይጀምራል።

ትልቅ ፓምፕ ይግባ?

የልጁ ጋራዥ የመጀመሪያ ሐሳብ ከዚያ የሚበልጥ ፓምፕ መግዛት ነበር። በዚያው ሽቦ ላይ! አስቡት፦ ትልቁ ፓምፕ 16 አምፔር ቢስብ በዚያ 0.13 ኦም ላይ ከ2 ቮልት በላይ ያስቀራል፤ ትልቁ ፓምፕ ከትንሹ ያነሰ ቮልት ያገኛል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ከባትሪው በፊውዝ በኩል ወፍራም ሽቦ፣ ታንኩ አጠገብ ጥሩ ሪሌ፣ ንጹሕ መሬት። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን፤ መኪና ሲጋጭ የሚቆረጠው ሽቦ ወደ ታንክ የሚሄደው ነው። ሪሌውም በፋብሪካው የፓምፕ ሽቦ ይታዘዝ፤ ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑ እንዲጠፋ። ይህ ሥራ ከፓምፕ ዋጋ ያነሰ ወጪ ነው ያለው፤ ብዙ ጊዜም የጎደለውን ግማሽ ይመልሳል።

ከዚያ በኋላ ካልበቃ ወደ ፓምፑ እንመጣለን። ለ600 ፈረስ የሚያስፈልገው 600 ሲባዛ በ0.27፣ ማለትም 162 ኪሎ ግራም ወይም 216 ሊትር ነው። ፓምፕ ያረጃል፣ ፊልትሮ ይቆሽሻል፤ ስለዚህ 20 በመቶ መጠባበቂያ እንጨምርና 259 ሊትር እንበል። ይህ 259 በ4.7 ባር የሚገኝ 259 መሆኑን ልብ በሉ። ፓምፕ ሲገዛ መጠየቅ ያለበት «ስንት ሊትር ነው?» ተብሎ አይደለም፤ «በ4.7 ባርና በ13.5 ቮልት ስንት ይሰጣል?» ተብሎ ነው። ደህና ሠሪ ሁሉ ይህን የሚያሳይ ግራፍ አለው።

ሁለት ፓምፕ ጎን ለጎን ማሠራትም የተለመደ ነው። ጎን ለጎን ሲሆኑ ፍሰቱ ይደመራል፤ አንዱ ለሌላው እየሰጠ በተከታታይ ሲሆኑ ግን የሚደመረው ግፊቱ ነው። ይህን በባትሪ ምሳሌ አስተምሩት፤ ተማሪው አይረሳውም። የሁለት ፓምፕ አደጋው አንዱ ሲሞት ሾፌሩ አለማወቁ ነው። ቀስ ብሎ ሲሄድ አንዱ ይበቃዋል፤ የሚያውቀው ሙሉ ሲረግጥ ነው፤ ያኔ ደግሞ መሽቷል።

ከመጠን በላይ የሆነ ፓምፕም የራሱ ጣጣ አለው። ሞተሩ ዝግ ብሎ ሲሠራ የሚወስደው ጥቂት ነው፤ የቀረው ሁሉ በጠባብ የመልስ ቱቦና በፋብሪካው ሬጉሌተር ማለፍ አለበት። ማለፍ ካቃተው ግፊቱ ከ3 ባር በላይ ይሆናል፤ ሞተሩ በቤንዚን ይታፈናል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። በ1990ዎቹ በነበሩት ቱርቦ ባላቸው ሚትሱቢሺ ኤክሊፕስ መኪናዎች ላይ ያው 255ቱ ፓምፕ ሲገባ ይህ ችግር በሰፊው ስለታወቀ፣ ከፓምፑ ጋር ሬጉሌተሩንም መቀየር ልማድ ሆኗል። ከዚህም ሌላ በከንቱ የሚዞረው ቤንዚን ታንኩን ያሞቀዋል።

ቤንዚኑ ኢታኖል ካለው ሒሳቡ ይለወጣል። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ 5 በመቶ፣ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ 10 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የተሸጠበት ጊዜ ነበር፤ ያን ያህሉ ለውጡ ጥቂት ነው። በአሜሪካ ለቱርቦ መኪናዎች የሚወደደው 85 በመቶ ኢታኖል ግን በመጠን ከቤንዚን ሲሶ ያህል በላይ ይጠይቃል፤ 216 ያልነው ወደ 290 ይደርሳል።

ስለ ከፍታና ስለ ሙቀት

ይህ በባሕር ጠረፍ የተጻፉ መጻሕፍት የማይነግሩን ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት 0.76 ባር ገደማ ብቻ ነው። ቱርቦው ከውጭው አየር በላይ 1 ባር ቢነፋ፣ ጠረፍ ላይ በጠቅላላው 2.01፣ እዚህ ግን 1.76 ባር ነው ሞተሩ የሚያገኘው። አየሩ ስላነሰ የሚያስፈልገው ቤንዚንም ያንሳል፤ ፓምፑ ይቀለዋል። ነገር ግን ኮምፒውተሩ ጠቅላላውን ግፊት 2 ባር ለማድረስ የሚታገል ከሆነ ቱርቦው ከውጭው አየር በላይ 1.24 ባር ይነፋል፤ ፓምፑም ከታንኩ ግፊት በላይ የሚገፋው 4 መሆኑ ቀርቶ 4.24 ባር ይሆናል። ያንኑ ቤንዚን፣ በበለጠ ዳገት።

ከዚህም በላይ፣ በታንኩ ላይ የሚጫነው አየር ሲሳሳ ቤንዚን በቀላሉ ይተናል። ፓምፑ ሲስብ በመግቢያው ላይ ግፊቱ ይወርዳል፤ ያ ሞቃት ቤንዚን እዚያው ይፈላና ፓምፑ በፈሳሽ ፋንታ እንፋሎት ይውጣል። ልጁ በሚሠራበት አገር ይህን የሚያደርገው የበረሃው ሙቀት ነው፤ እዚህ ከፍታው ያግዘዋል። ታንኩ ከሩብ በታች ሲሆን ይብሳል፤ ፓምፑን የሚያቀዘቅዘውም የሚያለሰልሰውም በዙሪያው ያለው ቤንዚን ነውና። በመጠምዘዣ ላይ ቤንዚኑ ወደ አንድ ጎን ሲሸሽ ፓምፑ አየር እንዳይስብ፣ ዘወትር ሞልቶ የሚቆይ ትንሽ ረዳት ታንክ የሚሠራለትም ለዚህ ነው።

ሱፕራው ድኗል። አዲስ ፒስተን፣ ወፍራም ሽቦ፣ ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት ፓምፖች፣ ሰፊ የመልስ ቱቦ ገብቶለታል። የግፊት መለኪያም ተገጥሞለት፣ ልዩነቱ ከ3 ባር በታች ሲወርድ ቱርቦውን እንዲያቆም ኮምፒውተሩ ታዟል። የፒስተኑንና የሥራውን ወጪ ግማሽ ከልጁ ደመወዝ ቆርጠውበታል። ይህን የነገረኝ በመጨረሻ፣ ሊሄድ ተነሥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነው።

መልመጃ

1ኛ. አንድ ቱርቦ ያለው የቤንዚን ሞተር 450 የፈረስ ጉልበት እንዲያወጣ ተፈልጓል። 20 በመቶ መጠባበቂያ ጨምራችሁ በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚያስፈልግ አስሉ። የቱርቦው ግፊት 1.2 ባር ቢሆን፣ ይህ መጠን በስንት ባር መገኘት አለበት?

2ኛ. ባትሪው ላይ 14.1፣ ፓምፑ ላይ 12.6 ቮልት ተለካ፤ ፓምፑ 10 አምፔር ይስባል። የሽቦው እንቅፋት ስንት ኦም ነው? በዚያው ሽቦ ላይ 16 አምፔር የሚስብ ፓምፕ ቢተከል ስንት ቮልት ይደርሰዋል?

3ኛ. የሬጉሌተሩ መነሻ 3 ባር፣ የቱርቦው ግፊት 1.4 ባር ነው። በሙሉ ጭነት የቤንዚን ግፊት መለኪያው 4.0 ባር አሳየ። ድብልቁ 11.5 እንዲሆን ተስተካክሎ ከነበረ አሁን ስንት ሆኗል? ሾፌሩ ምን ይሰማዋል?

ሥራችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ወርክሾፕ አምጡ። ፒስተኑ መደርደሪያው ላይ ነው፤ አሁን አንሱና እዩት።